የጊታር ሀም ምንድን ነው? ክሩን ስንነካው ለምን ዝም ይላል?

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ድሬዳዋ ሳቢያን ጓደኛዬ ቤት ሁለት ጊታርና አንድ አምፕ (የጊታር ድምፅ ማጉያ) ይዘን ተቀምጠን ነበር። እሱ የአሊ ቢራን ዜማዎች በጊታር ብቻ መጫወት ይወዳል፣ ቀስ እያለ፣ በኖታና በኖታ መሀል ትንፋሽ እየሰጠ፣ ችግሩ ያቺ የትንፋሽ ቦታ ላይ ሁሌ ሀምምምም የሚል ነገር ይገባባታል። «አቦ ይሄ ፒካፕ ሞቷል፣ አዲስ ላስመጣ ነው» አለኝ፣ ፒካፕ ከክሩ ስር ሆኖ ድምፁን የሚቀበለው ክፍል ነው። ቆይ አልኩትና የኔን ጊታር በሱ ጃክ ሰካሁት። የኔም ሀም ይላል፣ ግን ክሩን በእጄ ስይዘው ወዲያው ዝቅ ይላል። የሱን መልሰን ሰክተን ክሩን ስንይዘው ምንም አልተለወጠም። መልሱ እዚችው ልዩነት ውስጥ ነበር፣ ለፒካፕ ሊያወጣ የነበረውን ብር ያዳነችለትም እሷ ናት፣ ለዛ ነው ነገሩን ከስሩ ላስረዳ ያሰብኩት።

ሀም ማለት ባጭሩ የመብራቱ ድምፅ ነው። ግድግዳችን ውስጥ ያለው መብራት 220 ቮልት ሆኖ በሰከንድ 50 ጊዜ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ 50 ሳይክል ወይም 50 ኸርዝ የሚባለው እሱ ነው። ይሄ መወዛወዝ በሆነ መንገድ ጊታሩ ወይም አምፑ ውስጥ ከገባ ስፒከሩ ድምፅ አድርጎ ያወጣዋል፣ 50ው ብቻ ሳይሆን እጥፉ 100ውም ከዛም በላይ ያሉት አብረው ይመጣሉ። ቪዲዮ ላይ አሜሪካኖቹ «60 ሳይክል ሀም» ሲሉ የምትሰሙት የነሱ መብራት በ60 ስለሚሰራ ነው እንጂ ነገሩ አንድ ነው። በጆሮ ማረጋገጥ ይቻላል፦ ጊታሩን በደንብ ቃኙትና ወፍራሙን ክር 3ኛ ፍሬት ላይ ይዛችሁ ምቱት፣ ጂ ነው፣ 98 ኸርዝ ገደማ። ሀሙ ውስጥ ያለው 100 ከሱ ጋር ሲደራረብ በሰከንድ ሁለት ጊዜ ያህል ዋው... ዋው... እያለ ከፍ ዝቅ ሲል ትሰሙታላችሁ። እኔ መጀመሪያ ይሄን የሰማሁ ቀን ነው ሀም ዝም ብሎ ጫጫታ ሳይሆን የራሱ ቅኝት ያለው ነገር መሆኑ የገባኝ።

ታዲያ እንዴት ይገባል? ፒካፕ ማለት ማግኔት ላይ የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው፣ ሽቦው የፀጉር ያህል ነው የሚቀጥነው፣ ስትራት (የፌንደር ስትራቶካስተር ጊታር) አይነቱ ላይ ወደ 8 ሺህ ዙር ይጠመጠማል። ሞተር ጥቅለላ ቤት ቆሞ ያየ ሰው ነገሩ አዲስ አይሆንበትም፣ ያው ኮይል ነው። የብረቱ ክር ማግኔቱ ላይ ሲንቀጠቀጥ ኮይሉ ውስጥ ትንሽዬ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፣ አምፑ እሷን ያጎላታል። ኮይሉ ግን ይሄ የመጣው ከክሩ ነው፣ ይሄ ደግሞ ከትራንስፎርመር ነው ብሎ አይለይም፣ በአካባቢው የሚወዛወዝ ማግኔት ካለ እሱንም እኩል ይቀበላል። አንዱ መግቢያ ይሄ ነው፣ የማግኔቱ መንገድ። ከአምፑ ከራሱ ትራንስፎርመር፣ ከስታብላይዘር፣ ከሞተር፣ ከአሮጌ የሸንበቆ አምፖል ባላስት ይመጣል። ወፈር ያለ ለስላሳ ሀም ነው፣ ጊታሩን ይዛችሁ ወንበር ላይ ቀስ ብላችሁ ስትዞሩ አንድ አቅጣጫ ላይ ይጎላል ሌላው ላይ ሊጠፋ ይደርሳል። ሲዞር እንዲህ በጣም የሚለወጥ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በማግኔት የገባ ነው።

ሁለተኛው መግቢያ የኤሌክትሪክ ፊልድ ነው፣ እጅ ያለበት ጉዳይ እዚህ ነው። ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ምንም ሳይነካን በአየር ላይ ሰውነታችን ላይ ቮልቴጅ ያሳድርብናል። ሰው አብዛኛው ውሃና ጨው ስለሆነ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ስለዚህ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰው ትልቅ አንቴና ነው ማለት ነው። ጊታሩን ደግሞ ደረታችን ላይ ነው የምናቅፈው። የሰበሰብነውን ሁሉ ፒካፑና ሽፋን የሌላቸው የውስጥ ሽቦዎች ላይ እንረጨዋለን፣ ስለታም የሆነ ዝዝዝዝ የሚል ድምፅ ይሆናል። ክሩን ስንነካ ምን ይፈጠራል? ክሩ በብሪጁ (ክሩ ጊታሩ ሆድ ላይ የሚያርፍበት ብረት)፣ ብሪጁ ደግሞ ከስሩ በተደበቀች አንዲት ሽቦ ከግራውንድ፣ ማለትም ከጊታሩ የድምፅ መመለሻ መስመር፣ ጋር የተገናኘ ነው። እጃችን ክሩን ሲነካ ሰውነታችን ያጠራቀመው ሁሉ ወደ ግራውንድ ይወርድና አንቴና የነበርነው ሰዎች ጋሻ እንሆናለን። ዝም የሚለው ለዛ ነው። ስትነኩት የሚቀንስ ጊታር አልተበላሸም፣ እንደውም ትክክለኛ ባህሪው ነው፣ ብዙ ልጆች ይሄን እንደ ብልሽት አይተው ደህናውን ጊታር ሲያስፈቱ ማየት ያሳዝነኛል።

የጓደኛዬ ጊታር ስንነካው ምንም አለማለቱ እንግዲህ ያቺ የብሪጅ ሽቦ የለችም ማለት ነበር። ቴስተር አመጣን፣ ኦም ላይ አድርገን አንዱን ጫፍ ብሪጁ ላይ ሌላውን የጃኩ ብረት አካል ላይ አስነካን፣ ደህና ቢሆን ከ1 ወይም 2 ኦም ማለፍ አልነበረበትም፣ የሱ ጭራሽ አይነበብም። የኋላውን ክዳን ስንፈታ ሽቦዋ ብየዳው ለቋት ተንጠልጥላለች። ጫፏን በቢላ ፋቅ ፋቅ አድርገን ጥቁሩን አንስተን የፖቱ (የቮልዩሙ ማዞሪያ) ጀርባ ላይ በሊድ መለስናት፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ክሩን ያዘው፣ ዝም አለ። ያዘው፣ ለቀቀው፣ ያዘው፣ ለቀቀው፣ ደስታው ፊቱ ላይ ነበር።

ስትነኩት የሚብስ ከሆነ ግን ሌላ ነው፣ ብዙ ጊዜ ጃኩ ላይ ሁለቱ ሽቦዎች ተገለባብጠው ተበይደዋል፣ ክሩ ከግራውንድ ሳይሆን ከዋናው የድምፅ መስመር ጋር ተገናኝቷል ማለት ነው። ቮልዩሙን ዜሮ አድርጋችሁ እንዳለ ከጮኸ ፒካፑን ተዉት፣ ኬብሉን ቀይሩና ሞክሩ፣ ከዛ የጃኩን ብየዳ እዩ። ጊታሩን ነቅላችሁም አምፑ ብቻውን ሀም ካለ ችግሩ አምፑ ነው፣ ብዙ ጊዜ የፓወር ክፍሉ ትልልቅ ካፓሲተሮች አርጅተው ነው፣ እሱን ለሚያውቅ ሰው ስጡ በተለይ የቲዩብ አምፕ (አምፖል በሚመስሉ የብርጭቆ ቱቦዎች የሚሰራው) ከሆነ፣ ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ መቶዎች ቮልት ይዞ ሊቆይ ይችላል።

አሁን የድሬ ጉዳይ። እኛ ጋ ሙቀት ስላለ ቬንትሌተር የሌለው ቤት የለም ማለት ይቻላል፣ የግድግዳው ሬጉሌተር ኤሌክትሮኒክ ከሆነ ፍጥነቱን የሚቀንሰው መብራቱን በሰከንድ 100 ጊዜ እየቆረጠ ነው፣ ያ መቆራረጥ ጊታር ውስጥ የንብ ቀፎ የመሰለ ዝዝዝ ሆኖ ይሰማል። ቬንትሌተሩን ሙሉ ፍጥነት ላይ ስታደርጉት መቆራረጡ ስለሚቀንስ ድምፁም ይቀንሳል፣ ስታጠፉት ይጠፋል። የጓደኛዬ ቤት 2 ላይ ነበር፣ ሽቦዋን ከበየድን በኋላ የቀረውን ግማሹን ያመጣው እሱ ነው። ማታ ቀረጻ ካላችሁ ለሶስት ደቂቃ ሙቀቱን ቻሉትና አጥፉት።

ፎይልም ላንሳ ምክንያቱም ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደሱ ነው። የጊታሩን ሆድ ዕቃ በመዳብ ፎይል አልብሶ ከግራውንድ ጋር ማገናኘት በኤሌክትሪክ ፊልድ የሚገባውን ዝዝዝ በደንብ ይቀንሳል። በማግኔት የሚገባውን 50 ሳይክል ግን አያቆመውም፣ ቀጭን መዳብ ለሱ እንደሌለ ነው፣ ስለዚህ ስትዞሩ የሚለዋወጠውን ሀም ለማጥፋት ብላችሁ ፎይል አትልፉበት። መዳቡ ካልተገኘ የኩሽናው አልሙኒየም ፎይልም ይሰራል፣ ሊድ ስለማይዝለት ግን የግራውንዱን ሽቦ በብሎን አጥብቃችሁ እሰሩት፣ ቁርጥራጮቹ መሀል ሙጫ ገብቶ እንዳይለያያቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ በቴስተር ለኩት።

የማግኔቱን ሀም የሚያጠፋው ሀምባከር የሚባለው የፒካፕ አይነት ነው። ስሙ ራሱ ሀምን የሚቋቋም ማለት ነው። ጊብሰን የጊታር ኩባንያ ውስጥ ይሰራ የነበረው ሴዝ ላቨር (Seth Lover) እ.ኤ.አ. በ1955 የፈጠራ መብት አመለከተ፣ የተፈቀደለት በ1959 ነው፣ በዛን ዘመን የወጡት ብዙ ፒካፖች ጀርባ ላይ «ማመልከቻ ገብቷል» (በእንግሊዝኛ Patent Applied For) የሚል ወረቀት ስለተለጠፈባቸው እስካሁን ፒ ኤ ኤፍ እየተባሉ በውድ ይፈለጋሉ። አሰራሩ ሁለት ኮይል ጎን ለጎን ነው፣ የአንዱ ኮይል አቅጣጫ የሌላው ግልባጭ፣ የአንዱ ማግኔት ዋልታም የሌላው ግልባጭ። ከውጭ የመጣ ሀም ሁለቱንም ኮይል እኩል ይመታል፣ ኮይሎቹ ስለሚቃረኑ ሁለት ሰው አንድን በር ከውስጥና ከውጭ እኩል እንደገፋው ይሆናል፣ በሩ አይንቀሳቀስም። የክሩ ድምፅ ግን ማግኔቱም ኮይሉም ስለተገለበጠ ሁለቴ ተገልብጦ ወደ ቀናው ይመለሳል፣ ይደመራል። በጣም የማደንቀው ሀሳብ ነው፣ ባትሪ የለው ቺፕ የለው።

ይሄው ብልሃት ሶስት ነጠላ ኮይል ያለው ስትራት ላይም አለ። ዛሬ በሚሸጡት ብዙዎቹ ላይ የመሀለኛው ፒካፕ ተገልብጦ የተሰራ ነው፣ ስለዚህ የፒካፕ መምረጫ ስዊቹን 2 ወይም 4 ላይ ስታደርጉ ሀሙ ይጠፋል። ሞክሩት፣ 1 ላይ ጮሆ 2 ላይ ዝም ካለ ጊታራችሁ ጤነኛ ነው፣ የነጠላ ኮይል ተፈጥሮ ነው።

ሀምባከር ራሳችሁ ለመግጠም ካሰባችሁ ደግሞ የሽቦ ቀለም ላይ ተጠንቀቁ። አራት ሽቦ ያላቸው ላይ ሲሞር ደንከን ጥቁሩን ዋና የድምፅ መስመር ያደርጋል፣ ነጭና ቀዩ እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ አረንጓዴውና እርቃኑ ወደ ግራውንድ። ዲማርዚዮ ደግሞ ዋናው ቀዩ ነው፣ የሚያያዙት ጥቁርና ነጭ ናቸው። የአንዱን ስዕል ይዞ የሌላውን የበየደ ሰው ጊታሩ ድምፁ ሲሳሳበት ወይም ሀሙ ሲመለስበት ፒካፑን ይረግማል። ሁለት ፒካፕ አብረው ሲሰሩ ድምፁ ወፍሮ ከመምጣት ይልቅ በአፍንጫ እንደሚወራ ቀጭን ከሆነ አንዱ ተገልብጧል። ባለ መርፌ ቴስተር ካላችሁ ፒካፑ ላይ አገናኙና የብሎን መፍቻ ብረት ወደ ኮይሉ ጠጋ አድርጉ፣ መርፌው ወደ አንድ በኩል ይዘላል፣ ሁለቱም ፒካፖች ላይ ወደ አንድ በኩል መዝለል አለበት። ኮይል ስፕሊት የሚባለውን ስዊች ማስገባት ጥሩ ነው፣ የነጠላ ኮይልን ድምፅ ትሰጣለች፣ ግን አንዱን ኮይል ስላጠፋችሁት ሀሙም አብሮ ይመለሳል፣ ያኔ ተበላሸ እንዳትሉ። ፖቱም ለነጠላ ኮይል 250 ኪሎ ኦም፣ ለሀምባከር 500 ነው የተለመደው፣ ሀምባከርን በ250 ካሰራችሁት ድምፁ ይደበዝዛል።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም በላይ ነው የማስበው። ግራውንድ ስንል ሁለት ነገር ነው የምናምታታው፣ ጊታሩ ውስጥ ያለው የድምፅ ግራውንድና ቤቱ የተቀበረው ኧርዝ። በባትሪ የሚሰራ ትንሽ አምፕ ኧርዝ የለውም፣ ግን ክሩን ስትነኩ ዝም ይላል፣ ስለዚህ ኧርዝ ሀም ማጥፊያ አይደለም፣ ነፍስ ማዳኛ ነው። እኛ ጋ ብዙ አሮጌ ቤት በሁለት ሽቦ ብቻ ነው የተዘረጋው፣ ኧርዝ ያለውም ቢሆን መሬታችን ደረቅና አሸዋማ ስለሆነ ዘንጉ እርጥበት ካላገኘ በደንብ አያስተላልፍም። ኧርዝ የሌለው አምፕ ላይ ጊታር ይዛችሁ ከንፈራችሁ ማይክ ሲነካ የሚነዝራችሁ ለዛ ነው። ሶኬቱን ገልብጦ መሰካት ንዝረቱን ሊቀንሰው ይችላል ግን መፍትሄ አይደለም። አንድ ባለሙያ ሀሙን አጠፋላችኋለሁ ብሎ የአምፓችንን የኧርዝ ሽቦ ከሶኬቱ ቆርጦ ሰጥቶን ያውቃል፣ ሀሙ በርግጥ ቀንሶ ነበር፣ ሌላኛው አምፕና ሚክሰሩ በሁለት የተለያየ ኧርዝ ተገናኝተው ቀለበት ሰርተው ስለነበር። አምፑ ውስጥ አንዲት ሽቦ ለቅቃ ሳጥኑን ብትነካ ግን 220ው በክሩ በኩል ሰው ላይ ይመጣ ነበር። እባካችሁ አታስቆርጡ። ሁለት አምፕና ሚክሰር አብረው ሀም ካሉ ሁሉንም ከአንድ ማከፋፈያ ሰኩ፣ እሱም ካልረዳ ዲ አይ ቦክስ (ጊታሩን ከሚክሰሩ ጋር የሚያገናኘው ትንሽ ሳጥን) ላይ ግራውንድ ሊፍት የሚል ማብሪያ አለ፣ እሱ የሚለየው የድምፁን መስመር ብቻ ነው፣ የመብራቱን ኧርዝ አይነካም።

የጓደኛዬ ጊታር አሁንም ያው የድሮ ፒካፑ ነው ያለው። ቬንትሌተሩን አጥፍተን፣ ወንበሩን ከአምፑ ራቅ አድርጎ ወደ መስኮቱ ዞሮ ተቀመጠና ያቺን ዜማ ከመጀመሪያዋ ጀመረ፣ የትንፋሿ ቦታ ላይ ሲደርስ ውጪ የምታልፍ ባጃጅ ብቻ ነበር የምትሰማው።