«ጢም ብሎ የሞላ ሱቅ ይሸጣል»፦ ስለ ሱቅ አደረጃጀት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከደጀን እስከ ባሕር ዳር በየከተማው አንድ ዓይነት ሸቀጥ በተቀራራቢ ዋጋ የሚሸጡ ሱቆች ጎን ለጎን አሉ። አንደኛው ጋ ሰው ገብቶ ይቆያል፤ ሌላኛው ጋ ደጃፍ ላይ ዋጋ ጠይቆ ያልፋል። «ዕድል ነው» ከማለት በፊት መተላለፊያውን፣ መብራቱንና ድምፁን መመርመር ይገባል።

አመለካከት፦ ሱቅ ጢም ብሎ ሲሞላ ገበያ ይስባል።

እውነታው፦ የዕቃ ብዛት መንገደኛን ያስቆማል፤ ማስቆም ግን መሸጥ አይደለም። በ2000 እ.ኤ.አ. በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ 24 ዓይነት ማርማላታ ከቀረበበት ጠረጴዛ ፊት ከቆሙት 3 በመቶ ያህሉ ብቻ ሲገዙ፣ 6 ዓይነት ከቀረበበት ግን 30 በመቶ ያህሉ ገዝተዋል። ኋላ የተሠሩ ጥናቶች ይህ ውጤት በሁሉም ቦታ እንደማይደገም አሳይተዋል። ስለዚህ ምክሩ «ዕቃ ቀንሱ» ሳይሆን «ለይታችሁ ደርድሩ» ነው፤ ጋቢው ከጋቢ፣ ነጠላው ከነጠላ፣ ዋጋው ተጽፎ።

ከዚህ የሚብሰው መተላለፊያው ነው። ጆንያና ካርቶን ወለል ላይ ሲቆለል መንገዱ ከ60 ሳንቲ ሜትር በታች ይጠባል። ልጅ ያዘለች እናት እዚያ ጎንበስ ብላ ታች ያለውን ዕቃ ማየት አትችልም፤ ከኋላ የሚያልፍ ሰው ሲገፋት ደግሞ የያዘችውን መልሳ ትወጣለች። ቢያንስ 90 ሳንቲ ሜትር ልቀቁ። ከበሩ ወደ ውስጥ ያለውን የመጀመሪያ አንድ ሜትርም አታጣብቡት፤ ከፀሐይ የገባ ሰው ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ እዚያ ያለውን ዕቃ ሳያየው ያልፋል።

አመለካከት፦ አምፖሉ ነጭና ደማቅ ከሆነ ይበቃል።

እውነታው፦ ገዢዋ ቀሚሱን ይዛ ወደ ደጅ የምትወጣው መብራቱ ጥለቱን ስለሚያሳስትባት ነው። የብርሃን ቀለም የሚለካው በኬልቪን ነው፤ 6500 ኬልቪን የሚባለው አምፖል ወደ ሰማያዊ ይጎትታል፤ 3000ው ወደ ቢጫ። ለልብስ 4000 አካባቢ ይሻላል፤ ካርቶኑ ላይ ቀለም የማሳየት አቅሙ (ሲአርአይ) 90 እና ከዚያ በላይ መሆኑንም እዩ። ጣሪያው መሐል ላይ አንድ አምፖል ብቻ ከተሰቀለ ደንበኛው በገዛ ጥላው መደርደሪያውን ይጋርደዋል። ስለዚህ ሁለት ትንንሽ አምፖሎችን ወደ መደርደሪያው አዙራችሁ ስቀሉ። በራችሁ ወደ ምዕራብ ከዞረ የከሰዓት ፀሐይ ልብስ ያደበዝዛል፣ ዘይት ያበላሻል፣ ማር ያጠቁራል፤ የሸራ ጥላ ዘርጉ።

አመለካከት፦ ደጃፍ ላይ የሚጮህ ሞንታርቦ ሰው ይጠራል።

እውነታው፦ ሮናልድ ሚሊማን በ1982 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ በአንድ የአሜሪካ ሱፐርማርኬት ዘገምተኛ ሙዚቃ ሲከፈት ገዢዎች ረጋ ብለው ተራምደዋል፤ ሽያጩም ፈጣን ሙዚቃ ከተከፈተበት ጊዜ በ38 በመቶ በልጧል። ቁጥሩ የአንድ መደብር ስለሆነ ለእናንተ ዋስትና አይሆንም። ልብ በሉ፣ ለውጡን ያመጣው የሙዚቃው ፍጥነት እንጂ ጩኸቱ አይደለም። እኛ ጋ ደግሞ ዋጋ የሚቆረጠው በክርክር ነው፤ በጩኸት የማይደማመጥ ሰው አይከራከርም። ባንኮኒውን ተሻግራችሁ ለመነጋገር ድምፃችሁን ከፍ ካደረጋችሁ ቀንሱት።

አመለካከት፦ መጥፎ ሽታን ዕጣን ያጠፋዋል።

እውነታው፦ ይቀላቀለዋል እንጂ አያጠፋውም። ቡና፣ ሻይ ቅጠልና ዱቄት የሳሙናና የነጭ ጋዝ ሽታ ይስባሉ። በተቃራኒ ግድግዳ አስቀምጧቸው፤ ነጭ ጋዙን ከደጅ አጠገብ።

አመለካከት፦ ነጭ የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ክብር ይጨምራል።

እውነታው፦ በክረምት ጫማው የጨቀየ ገበሬ ወለሉን ላለማቆሸሽ ደጃፍ ላይ ይቀራል፤ የገባውም ሊያዳልጠው ይችላል። አንድ ጆንያ ከውጭ፣ አንድ ከውስጥ አንጥፉ።

አመለካከት፦ ይህ ሁሉ ለትልልቅ መደብር ነው።

እውነታው፦ በባንኮኒ ሱቅ ደንበኛው ከፊቱ የሚያየውን ብቻ ነው የሚጠይቀው። ስለዚህ ከወለሉ ከ1.20 እስከ 1.60 ሜትር ያለው ከፍታ ውድ ቦታችሁ ነው። ለውጡ መሥራቱን ለማወቅ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ የገባውንና የገዛውን ሰው ለየብቻ ቁጠሩ፤ የገበያ ቀንን ከገበያ ቀን ጋር አስተያዩ። በሁዳዴ መግቢያ መደርደሪያ ቀይራችሁ የዘይት ሽያጭ ቢጨምር የሸጠው ጾሙ ሊሆን ስለሚችል፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ እንደገና ቁጠሩ።