ወንድና ሴት አይጥ በምን ይለያሉ?

በላቦራቶሪ የሚረባው ትልቁ አይጥ ቡናማ ከሆነው የከተማ አይጥ የመጣ ነው። ነጩ ዊስታር የሚባለው ዝርያ በ1906 በአሜሪካ፣ ፊላደልፊያ በሚገኘው ዊስታር ኢንስቲትዩት መራባት ጀመረ። ዛሬ የእኛን አገር ዩኒቨርሲቲዎች ጨምሮ በየምርምር ተቋሙ አለ።

ያደጉትን መለየት አያስቸግርም። የወንዱ ቆለጥ ከጅራቱ ሥር ተንጠልጥሎ ከሩቅ ይታያል። ክብደቱም ብዙ ጊዜ ከ450 ግራም ያልፋል፤ ሴቷ ግን 250 እና 300 ግራም መካከል ናት። የወንዱ ፀጉር ሻከር ይላል፣ የሴቷ ይለሰልሳል። ይሁንና ክብደትና ፀጉር ፍንጭ ብቻ ናቸው፤ በዝርያና በምግብ ይለዋወጣሉ።

ቆለጥ አለመታየቱ ብቻውንም ማስረጃ አይሆንም። በሆዱና በቆለጡ ከረጢት መካከል ያለው መተላለፊያ ዕድሜውን ሙሉ ክፍት ስለሆነ፣ ወንድ አይጥ ሲበርደው ወይም ሲደነግጥ ቆለጡን ወደ ሆዱ ይስበዋል። ስለዚህ እንስሳው እስኪረጋጋ ጠብቆ ደግሞ ማየት ያስፈልጋል።

ዋናው ችግር ትንንሾቹ ላይ ነው። ገና በተወለዱት ላይ የሚታየው በሽንት መውጫውና በፊንጢጣው መካከል ያለው ርቀት ነው። የወንዱ ከሴቷ እጥፍ ገደማ ይሆናል። አንዱን ብቻ ይዞ መፍረድ ከባድ ነው። ከአንድ እናት የተወለዱ ሁለቱን ጎን ለጎን ይዞ፣ ጅራታቸውን ቀስ አድርጎ ቀና ማድረግ ነው። ያኔ ልዩነቱ ፍጥጥ ብሎ ይታያል። የሴቷ የሽንት መውጫ ትንሽ ጎላ ስለሚል ጀማሪን ያሳስታል። እሱን ትቶ ርቀቱን ማየት ይሻላል።

ከተወለዱ ሁለት ሳምንት ሊሞላቸው ሲል ደግሞ ሌላ ጥሩ ምልክት ይመጣል። ፀጉሩ ጥቅጥቅ ሳይል በሴቷ ሆድ ላይ በሁለት ረድፍ የተሰለፉ 12 የጡት ጫፎች ይታያሉ። ወንዱ ምንም የለውም። ይህች ጊዜ አጭር ናት፤ ፀጉሩ ሲያድግ ይሸፍናቸዋል።

ጥንቃቄው ያለምክንያት አይደለም። ልጆቹ በ21 ቀን ጡት ይተዋሉ። በአምስተኛው ሳምንት ወንድና ሴት ካልተለያዩ እህት ከወንድሟ ልታረግዝ ትችላለች። እርግዝናው ከ21 እስከ 23 ቀን ብቻ ነው። አንዲት እናት ደግሞ በወለደች በአንድ ቀን ውስጥ እንደገና ልታረግዝ ትችላለች። አንድ ሴት በስህተት ከወንዶቹ ጋር ብትቀር ቤቱ በአጭር ጊዜ በአይጥ ይሞላል፤ የተጀመረ ጥናትም ይበላሻል።

በሽንት መውጫውና በፊንጢጣው መካከል ያለውን ርቀት የሚወስነው ቴስቶስትሮን የሚባለው፣ በማሕፀን ውስጥ የሚሠራው የወንድነት ሆርሞን ነው። በሁለት ወንዶች መካከል ያደገች ሴት እንኳ ርቀቷ ከሌሎች እህቶቿ ትንሽ ሊረዝም ይችላል። በዚህ ምክንያት ኬሚካል የሚመረምሩ ባለሙያዎች ይህን ርቀት በጥንቃቄ ይለኩታል። ፕላስቲክ ለማለስለስ የሚያገለግሉ አንዳንድ ፍታሌቶች እርጉዝ አይጥ ላይ ሲሞከሩ፣ የሚወለዱት ወንዶች ርቀታቸው ያጥራል። የጡት ጫፍ ይዘው የሚቀሩም አሉ። በወንድ አይጥ ሆድ ላይ የጡት ጫፍ መቁጠር ዛሬ አንድ ኬሚካል የወንድነትን ሆርሞን ያውክ እንደሆነ ከሚታወቅባቸው መንገዶች አንዱ ነው።