ቅዳሴው ከመቅደስ ሲወጣ፦ የኑሮና የቴክኖሎጂ ለውጥ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አምልኮ

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ክብም ይሁን ባለ አራት ማዕዘን፣ ውስጡ በሦስት ይከፈላል፦ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ። ልዑካኑ ከመጋረጃው ጀርባ በመቅደሱ ይቀድሳሉ፤ ደብተራው በቅኔ ማኅሌት ቆሞ ይዘምራል፤ ቆራቢው ቅድስት ይገባል። አብዛኛው ሕዝብ ግን ውጭ ነው፤ ከዛፍ ሥር፣ ከግድግዳው ጥግ፣ ከደጀ ሰላሙ አጠገብ። በዓለ ንግሥ ሲሆንማ ከቅጥሩም ያልፋል። ይህ የግቢ ሰው ለብዙ መቶ ዓመታት ያስቀደሰው ቃሉን እምብዛም ሳይሰማ ነበር። ደወል ሲመታ ይሰግዳል፣ ፊተኛው ሲንበረከክ ይንበረከካል። የታተመ መጽሐፍ፣ ሞንታርቦና ስልክ ወደ አምልኮው ሲገቡ ከማንም ይበልጥ የተለወጠው የእሱ አቋቋም ነው።

የዜማው መሠረት የቃል ትምህርት ነው። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ቅዱስ ያሬድ በሦስቱ የዜማ ስልቶች፣ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ፣ ያዘጋጀው ድርሰት ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲወርድ የኖረው በጆሮና በጉሮሮ ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ከፊደሉ በላይ የሚጻፈውን የዜማ ምልክት አበጁ። ለጊዜው ይህ ታላቅ ቴክኖሎጂ ነበር። ሆኖም ምልክቱ የተማረን ሰው ያስታውሳል እንጂ ያልተማረን አያስተምርም፤ ስለዚህ መምህሩን አልተካም። ተማሪው ዛሬም ድጓ የተባለውን የዜማ መጽሐፍ ለመማር ወደ ጎንደሯ ቤተልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት ለተባሉት የዜማ መጻሕፍት ደግሞ ወደ ዙር አምባ ይወርዳል።

ማተሚያ ግእዝን ያገኘው ባሕር ማዶ ነው። የመጀመሪያው የግእዝ መዝሙረ ዳዊት እ.ኤ.አ. በ1513 በሮም ታተመ፤ እዚያው ሮም የነበሩት አባ ተስፋ ጽዮን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1548 እና 1549 ሐዲስ ኪዳንን አሳተሙ። አገር ቤት ያለው ምእመን የኅትመትን ፍሬ የቀመሰው ግን ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ከዚያም በትንሣኤ ዘጉባኤና በሌሎች ማተሚያ ቤቶች የጸሎት መጻሕፍት እየረከሱ መጡ። ብራና የነበረው ዳዊት ብዙ የፍየል ቆዳና የጸሐፊ ወራት ይፈጅ ነበር። የወረቀቱ ዳዊት ግን በነጠላ ተጠቅልሎ ብብት ሥር ይያዛል። በግቢው ጥላ ሥር ተቀምጠው ውዳሴ ማርያም የሚደግሙት እናት የዚህ ለውጥ ልጅ ናቸው።

ቀጥሎ ግእዝና አማርኛ ጎን ለጎን የታተሙበት መጽሐፈ ቅዳሴ መጣ። ቤተ ክርስቲያኒቱ በ1951 ዓ.ም. የራሷን ፓትርያርክ ካገኘች በኋላ በነበሩት ዓመታት አማርኛ በስብከቱም በቅዳሴውም ሰፊ ቦታ ያዘ። በእኔ እምነት እዚህ ላይ ትልቁ ነገር ትርጉሙ ብቻ አይደለም፤ ተሰጥኦው፣ ማለትም ሕዝቡ ለካህኑ የሚመልሰው ቃል ነው። ካህኑ «ሰላም ለኵልክሙ» ሲል «ምስለ መንፈስከ» ብሎ መመለስ በሥርዓቱ የሕዝቡ ድርሻ ሆኖ ሳለ፣ በተግባር በዲያቆናትና በመርጌቶች ተይዞ ቆይቶ ነበር። መጽሐፉ በእጁ የገባ ምእመን ድርሻውን አስመለሰ። ዛሬ በከተማ አጥቢያዎች ሴቱም ወንዱም፣ ሕፃኑ ሳይቀር፣ አብሮ ተሰጥኦውን ሲመልስ ለሚሰማ ሰው ነገሩ ጥንትም እንዲሁ የነበረ ይመስለዋል።

የኤሌክትሪክ ድምፅ ማጉያ ይህን ለውጥ በእጥፍ አሳደገው። ቃሉ መጋረጃውን አልፎ ወጣ፤ ከግንብ ጥግ የቆመው ሰው ካህኑ ወንጌል ሲያነብ እያንዳንዱን ቃል መስማት ቻለ። ከዚሁ ጋር የሠርክ ጉባኤ በረታ። የመንግሥት ሠራተኛና ነጋዴ ከሥራ ሲወጣ፣ ከምሽቱ 11 ሰዓት በኋላ፣ በመብራት ሥር ተሰብስቦ መዝሙርና ስብከት የሚሰማበት ይህ ጉባኤ ከከተማ ኑሮና ከኤሌክትሪክ ጋር አብሮ ያደገ ነው። ዋጋም አስከፍሏል። አራራይ የሚያባባ፣ ቀስ ብሎ የሚወርድ ዜማ ነው፤ ከልክ በላይ በተከፈተ ሞንታርቦ ሲጮኽ ቅላጼው ይሰበራል፣ የከበሮው ምትም ጸናጽሉን ይውጠዋል። ሌሊቱን ሙሉ የሚጮኽ ማጉያ ከጎረቤት፣ ከታማሚና ከአራስ ጋር ያጋጫል። መፍትሔው ማጉያውን ማንሳት ሳይሆን የሚያስተካክለውን ሰው ማሠልጠን ይመስለኛል። ብዙ ደብር ለመሣሪያው ገንዘብ ያዋጣል፤ ለባለሙያው ግን አያስብም።

ካሴት ሌላ መንገድ ከፈተ። የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር በአንድ ወቅት በኦርጋንና በአኮርዲዮን ይታጀብ ነበር፤ በኋላ ወደ በገና፣ መሰንቆ፣ ክራርና ዋሽንት ተመለሰ። በካሴት ሲባዛ ከደጀ ሰላም አልፎ ታክሲ፣ ሱቅና ወጥ ቤት ገባ። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ የራዲዮና የካሴት ድርሻ ከዚህም ይበልጣል። ከአዲስ አበባ ይሰራጭ የነበረው ብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠራ ቆይቶ በ1969 ዓ.ም. በደርግ ተወረሰ። ብዙ አዳራሾች ሲዘጉ አምልኮው ወደ መኖሪያ ቤት ገባ፤ ሰዎች ጎረቤት እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ዘመሩ፣ መዝሙሩንም ከካሴት ወደ ካሴት እየቀዱ ተቀባበሉ።

የሁሉም ፈተና የመጣው በኮሮና ዘመን ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ተገኘ፤ ትንሣኤ የዋለው ሚያዝያ 11 ነበር። ሰሙነ ሕማማት፣ ሕዝብ ከምንም ጊዜ ይልቅ ግቢውን የሚሞላበት ሳምንት፣ በቴሌቪዥን ሆነ። ሰው በየሳሎኑ ከስክሪን ፊት ሰገደ። ሌሎች ደግሞ ወደ ተዘጋው በር ሄደው ከቅጥሩ ውጭ አስፋልት ላይ ተንበረከኩ። እነዚህ ሰዎች ቴሌቪዥን አጥተው አልነበረም። ድምፅና ምስል ቤታቸው ደርሷል፤ ቅዱስ ቁርባን፣ ጠበል፣ የዕጣኑ ሽታና የመስቀሉ መሳለም ግን በአየር አይመጣም። ሥርጭት ሲበዛ ስብከትና መዝሙር የሚገንኑት፣ ስግደትና ቁርባን ወደኋላ የሚቀሩት ለዚህ ነው። ይህ ሊያሳስበን የሚገባ ጉዳይ ነው።

ከዚያ ወዲህ ስልክ በሁሉም ቦታ ገብቷል። በዓል ሲቃረብ ነግሥ፣ ዚቅና ወረብ የተባሉት የማኅሌት ዝማሬዎች በቴሌግራም ይላካሉ። ዣንጥላ ዘርግተው ከሚለምኑት አጠገብ የባንክ ሒሳብ ቁጥር የተጻፈበት ሸራ ተሰቅሏል፤ በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ አሥራት በኩራት ሙዳየ ምጽዋት ሳይነካ ይገባል።

በውጭ አገር ደግሞ ለውጡን የሚመራው የሥራ ሰዓት ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ በሳምንቱ መካከል የዋለ ክብረ በዓል ወደ ቅርቡ ቅዳሜና እሑድ ይሸጋገራል። በአብዛኞቹ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ዓርብ የእረፍት ቀን ስለሆነ ብዙ ምእመን የሚሰበሰበው ዓርብ ነው። በቤሩት የቤት ሠራተኛ እህቶች ከቀናቸው እሑድ ይወጣሉ፤ ካልቀናቸው ቅዳሴውን ወጥ ቤት ሆነው በጆሮ ማዳመጫ ይሰማሉ። በውጭ አገር ተወልደው ያደጉ ልጆች ፊደሉን ሳያውቁ በላቲን ፊደል የተጻፈውን ተሰጥኦ ከስክሪን እያነበቡ ይመልሳሉ፤ አንዳንዶቹም በተቀዳ ድምፅ አጥንተው ለድቁና ይደርሳሉ። የአንድ ቅዳሴ ልዑካን ግን ቢያንስ አምስት ናቸው፤ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት። አራት ብቻ በተገኙበት ከተማ፣ ካሜራው በርቶ ተመልካቹ ቢጠብቅም፣ አምስተኛው ዲያቆን ከሌላ ከተማ መኪና እየነዳ እስኪደርስ ቅዳሴ አይገባም።