ሰማዕት ማለት ምን ማለት ነው? ሰይፍ ያልነካቸው አባ ገብረ ሚካኤል

«ሰማዕት» ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ሰይፍ ነው። ሰይፍ፣ ደም፣ ከዚያ አክሊል። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያየናቸው ሥዕሎች እንዲህ ስላስተማሩን አይፈረድብንም። ቃሉ ራሱ ግን ስለ ሞት ምንም አይናገርም። ግዕዙ ሰምዐ ነው፣ እኛ «ሰማ» የምንለው። ስምዕ ምስክርነት ነው፣ ሰማዕት ደግሞ ምስክር። የግሪኩ «ማርቲስ»ም ትርጉሙ ያው ምስክር ነው። የሰማውን አልደብቅም ያለ ሰው ማለት ነው።

ሞት የገባበት በኋላ ነው። በሮም ነገሥታት ዘመን ምስክርነት ሕይወት ያስከፍል ጀመር፤ ቃሉም ወደዚያው ጠበበ። ግብጻውያን ክርስቲያኖች ዲዮቅልጥያኖስ ከነገሠበት ከ284 ጀምረው የሚቆጥሩትን ዘመን ዛሬም ዓመተ ሰማዕታት ይሉታል። (ዓመቶቹንና ቀኖቹን ሁሉ የማስቀምጠው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አንድን ሰው ሰማዕት ለማለት ጥብቅ ምርመራ አለ። ሰውየው ሞቱን ለእምነቱ ብሎ ወዶ መቀበል አለበት። አሳዳጁም ያንን ያደረገው እምነቱን ጠልቶ መሆን አለበት። ሞትን ራሱ ፈልጎ የሄደበት ሰው አይቆጠርም። በእስር ቤት ስቃይ የሞተስ? እሱም ይቆጠራል፣ ሞቱ የመጣው ከደረሰበት መከራ እስከሆነ ድረስ። ይህን ነጥብ ከአባ ገብረ ሚካኤል ታሪክ በላይ የሚያስረዳ አላገኘሁም።

አባ ገብረ ሚካኤል በ1791 አካባቢ ጎጃም ውስጥ፣ መርጡለ ማርያም አጠገብ ተወለዱ። አንድ ዓይናቸውን ያጡት በልጅነታቸው ነው። በቀረችው ዓይን ግን ያላነበቡት የለም ማለት ይቻላል። በመርጡለ ማርያም መነኮሱ፣ ከዚያ ከገዳም ገዳም መጽሐፍ ፍለጋ ዞሩ፣ ጎንደር ገብተው አስተማሩ። ጊዜው ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የተነሣው የቅባት፣ የጸጋና የካራ ወገኖች ክርክር አገሩን የከፋፈለበት ነበር። እሳቸው እውነቱ የት እንዳለ ካላገኙ የሚተኙ ሰው አልነበሩም። ይሄ ጠባያቸው ነው እስከ መጨረሻው ያደረሳቸው።

በ1841 የትግሬና የሰሜን ገዥ ደጃዝማች ውቤ ጳጳስ እንዲያመጡ ወደ ግብጽ መልእክተኞች ሲልኩ እሳቸውም አብረው ሄዱ። የጉዞው ጓድ ጣሊያናዊው የካቶሊክ ሚስዮናዊ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ ነበር፣ አገሬው አቡነ ያዕቆብ ያላቸው። ካይሮ ላይ የተሾሙት አንድ ወጣት ናቸው፤ አቡነ ሰላማ ተባሉ። አባ ገብረ ሚካኤል ከዚያ ሮም ሄዱ፣ ኢየሩሳሌምንም ተሳለሙ። ተመልሰውም ብዙ ጠየቁ፣ ብዙ ተከራከሩ። በ1844 ካቶሊክ ሆኑ። በ1851 አቡነ ያዕቆብ ቅስና ሰጧቸው። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ ነበር። ተማሪው ከመምህሩ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ይበልጡ ነበር፤ ይህ ትሕትና ሁሌም ልቤን ይነካዋል።

በ1854 ካሣ ኃይሉ፣ የኋላው ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ከአቡነ ሰላማ ጋር ተስማሙ። አገሩ አንድ እምነት ይኑረው ተባለ፤ አቡነ ያዕቆብ ተባረሩ። አባ ገብረ ሚካኤል ከጥቂት ጓደኞቻቸው ጋር ጎንደር ላይ ተያዙ። ልብ በሉ፣ ያሳሰሯቸው ጳጳስ ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት ራሳቸው ሄደው ያመጧቸው ጳጳስ ናቸው።

እግራቸው ግንድ ገባ። ግንድ ስንል ቀዳዳ የተበጀለት ከባድ እንጨት ነው፤ እግር ከገባበት በኋላ ሰው አይራመድም፣ ሲተኛም እንደልቡ አይገላበጥም። ከዚያ ግርፋት ነበር። በየመሃሉ የሚቀርብላቸው ጥያቄ አንድ ነው፦ እምነትህን ትተዋለህ? መልሳቸውም አንድ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሳል። ንጉሡ የፈለጉት የተበታተነ አገር አንድ ማድረግ ነበር፤ ታዲያ ነገሩ ፖለቲካ እንጂ የእምነት ጥላቻ ነው? እኔ ሁለቱም ያለበት ይመስለኛል። የቴዎድሮስን ሕልም ማንቋሸሽ አልፈልግም። ግን ለሌባ ወይም ለሽፍታ «እምነትህን ተውና ውጣ» አይባልም። ያ በር ክፍት ሆኖ ሳለ አለመውጣታቸው ነው ምስክርነቱ።

በግንቦት 1855 ሞት ተፈረደባቸው። የእንግሊዙ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን አማለዱላቸውና ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ሰይፉ የቀረው ያን ቀን ነው። ሰንሰለቱ ግን አልቀረም። ሽማግሌው እንደታሰሩ ከሚዘምተው ሠራዊት ኋላ ተጎተቱ። ክረምት ነው፤ ጭቃ፣ ብርድ፣ ረሃብ። ነሐሴ ሳያልቅ ሕመምና ድካም ጨረሳቸው። የገደላቸው ጎራዴ የለም፤ የገደላቸው መንገዱ ነው። ሮም ይህንን መርምራ ሰማዕትነት ነው አለች። በጥቅምት 3 ቀን 1926 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ ብፁዕ ብለው ሰየሟቸው።

ብፁዕ እንጂ ቅዱስ አልተባሉም፤ ይህም የሚያደናግረው ብዙ ሰው ነው። ሰማዕት ብፁዕ ለመባል ተአምር አይጠየቅለትም፣ ሞቱ ይበቃል። ቅዱስ ለመባል ግን በአማላጅነቱ የተደረገ አንድ ተአምር መረጋገጥ አለበት። መምህራቸው አቡነ ያዕቆብ በ1860 በቀይ ባሕር ቆላ ሙቀት መንገድ ላይ ሞቱ። ሰማዕት አልተባሉም፣ በ1975 ግን ቅዱስ ተብለዋል። ሰማዕት የተባለው ተማሪያቸው እስካሁን «ብፁዕ ገብረ ሚካኤል» ናቸው።