ውጤቴ «ከኖርማል ወጣ» ሲባል ታምሜያለሁ ማለት ነው?

ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው የላብራቶሪ ወረቀቱን ይዞ፣ ደንግጦ ይጠይቀኛል። የግድ ታማችኋል ማለት አይደለም።

ከውጤቱ ጎን ያለው መነሻና መድረሻ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ጤነኛ ሰዎችን መርምሮ ነው። የመካከለኞቹ 95 በመቶ ውጤት ይወሰዳል፤ ዳርና ዳር ያሉት ይቀራሉ። ስለዚህ ከ100 ጤነኛ ሰው 5ቱ ያህሉ ምንም ሳይሆኑ ከወሰኑ ይወጣሉ።

በደም ውስጥ የሚለካውን ፖታሲየም የተባለ ማዕድን እንይ። ወሰኑ በብዙ ቦታ በሊትር ከ3.5 እስከ 5 ሚሊሞል ገደማ ነው። የአንድ ታካሚ 6.2 መጣ እንበል። ለልብ የሚያሰጋ ቁጥር ነው። የላብራቶሪ ባለሙያዋ ግን ናሙናውን አንስታ ስታየው፣ ከደም ሴሎቹ ተለይቶ ከላይ የሚቀረው፣ ቢጫ መሆን የነበረበት ፈሳሽ ቀልቷል። ደሙ ሲቀዳ ቀይ የደም ሴሎች ፈንድተው ፖታሲየማቸው ወጥቷል። እንደገና ተቀዳ፤ 4.3 ሆነ። ያቺ አንድ እይታ ታካሚውን ከማያስፈልገው ሕክምና አዳነችው። «ማሽኑ ነው የሚሠራው» ሲባል የሚቆጨኝ ለዚህ ነው።

ወሰኑ እንደ መሣሪያው፣ እንደ ዕድሜና ፆታ ይለያያል። የሁለት ላብራቶሪ ውጤት ካላችሁ፣ እያንዳንዱን በራሱ ወረቀት ላይ ካለው ወሰን ጋር አስተያዩት። የድሮውንም ለሐኪማችሁ አሳዩ።