ጎጃምና የመሐንዲስ ሥራ፦ ከድልድይ እስከ እርከን

ጎጃም ውሃ የከበበው አገር ነው። ዓባይ ከጣና ሐይቅ ወጥቶ በምሥራቅ፣ በደቡብና በምዕራብ ይዞረዋል፤ በመካከሉ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጮቄ ተራራ ቆሞ በየአቅጣጫው ወንዝ ያፈልቃል፤ የዓመቱ ዝናብም አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ተጠቃሎ ይወርዳል። በዚህ ምክንያት በጎጃም ምድር የተሠራው የምሕንድስና ሥራ ሲቆጠር ከሞላ ጎደል ሁሉም ውሃን ለመሻገር፣ ውሃን ለማቆር ወይም ውሃን ለማዘግየት የተሠራ ሆኖ ይገኛል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሪባን ይቆረጥላቸዋል፣ ይመረቃሉ። በገበሬው ማሳ ላይ ጎርፍን የማብረዱ ሥራ ግን ምረቃ የለውም፤ ሆኖም የግድቡም ሆነ የቦዩ ዕድሜ የሚወሰነው በእሱ ነው።

ከመሻገሩ እንጀምር። ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች የሚገኘው የአላታ የድንጋይ ድልድይ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተሠራ። በልጃቸው በአፄ ፋሲለደስ ዘመን ደግሞ በሞጣ በኩል ጎጃምን ከማዶው ከአንዳቤት የሚያገናኝ ሌላ ድልድይ ቆመ። ይህን ሁለተኛውን ሕዝቡ «ሰባራ ድልድይ» ይለዋል፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ ፈርሶ ቀርቷልና። ከዚያ ወዲህ ስልሳ ዓመት ያህል ተሻጋሪው ገመድ ታጥቆ፣ በወዲህና በወዲያ ዳር የቆሙ ጎረምሶች እየጎተቱት፣ ከገደሉ በላይ ተንጠልጥሎ ያልፍ ነበር። በ1994 ዓ.ም ብሪጅስ ቱ ፕሮስፔሪቲ የተባለ በጎ አድራጎት ድርጅት የተሰበረውን ክፍተት በብረት ገጠመው። በ1997 ዓ.ም የመጣ ደራሽ ውሃ ብረቱን ጠርጎ ወሰደው። መሐንዲሶቹ ሲመለሱ ያንኑ ክፍተት ዳግመኛ አልደፈኑም፤ ጎርፉ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ በወፍራም የሽቦ ገመድ የተወጠረ ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ዘረጉ፤ በ2001 ዓ.ም ገደማም ለመንገደኛ ተከፈተ። የመጀመሪያው ጥገና የተለካው በተሰበረው ቦታ ስፋት ነበር፤ ሁለተኛው የተለካው በጎርፉ ቁመት ነው።

ትልልቆቹን ድልድዮች አንባቢ ስለሚያውቃቸው በአጭሩ እናልፋቸዋለን። በደጀንና በጎሃ ጽዮን መካከል በጃፓን መንግሥት ርዳታ የተሠራው 303 ሜትር ርዝመት ያለው የዓባይ ድልድይ በ2000 ዓ.ም ማብቂያ ሲከፈት፣ በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከተሠራው አሮጌ ድልድይ የከባድ መኪናውን ጭነት ተረከበ። በባሕር ዳር ደግሞ 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲስ ድልድይ በግንቦት 2016 ዓ.ም ተመርቋል። በደጀኑ በረሃ ያለው ፈተና ግን ድልድዩ ሳይሆን መንገዱ ነው፤ ቁልቁለቱ ላይ ያለው አፈር ክረምት ውሃ ሲጠጣ እየተንሸራተተ አስፋልቱን ይዞት ይወርዳልና፣ እዚያ ያለ መሐንዲስ ከአስፋልቱ ይልቅ በጎኑ የሚሄደውን የውሃ መውረጃ መጠበቅ ይኖርበታል።

ውሃን በማቆር ረገድ ጎጃም ቀደምት ነው። የጢስ ዓባይ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ማመንጫ በ1956 ዓ.ም ሥራ ጀመረ፤ ሁለተኛውም ከዓመታት በኋላ ተከተለው። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ ሰባት በሮች ያሉት መቆጣጠሪያ ተሠርቶለት የጣና ውሃ በልክ የሚለቀቅ ሆነ። በ2002 ዓ.ም የተመረቀው 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ ደግሞ 12 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም ዋሻ የሐይቁን ውሃ ወደ በለስ ወንዝ ያሻግራል። ከዚያ ወዲህ ፏፏቴው ከስቷል፤ በበጋ የሄደ ጎብኚ ስሙን ያወጣለትን ጢስ አያገኝም። ይህ ጉዳት ስለ ኃይል ማመንጫ ሲነገር ሳይታለፍ አብሮ መነገር ያለበት ይመስለኛል። በቀድሞው የጎጃም ክፍለ ሀገር ወሰን በጉባ የተሠራውና ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ የታቀደ ነው፤ ከጮቄ ተዳፋት የሚታጠበው አፈር መድረሻውም እሱ ነው።

ለገበሬው ኑሮ ይበልጥ የሚቀርበው ከመርዓዊ አጠገብ ያለው የቆጋ ግድብ ነው። የያዘው 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ 7,000 ሄክታር መሬት እንዲያጠጣ ታስቦ፣ በአፍሪካ ልማት ባንክ ድጋፍ ተሠርቷል። ገበሬ የሚያጠጣው ቀን ነው፤ ዋናው ቦይ ግን ሌሊትም ይፈስሳል፤ ስለዚህ የሌሊቱ ውሃ ባክኖ እንዳይቀር በየመስኖ ክልሉ ራስጌ ማጠራቀሚያ ኩሬ ተሠርቶ፣ ጠዋት ከዚያ እየተከፈተ ወደየማሳው ይከፋፈላል። የማከፋፈሉ ሥርዓት ለአገሩ እንግዳ አልነበረም። ወንዝ ጠልፈው የሚያጠጡ መንደሮች ተራ የሚያሲዝ፣ ጠብ የሚዳኝ፣ ቦይ የሚያስጠርግ «የውሃ አባት» ከጥንት ጀምሮ ሲመርጡ ኖረዋል። መሐንዲሱ የቦዩን ስፋት ያሰላል፤ የላይኛው ገበሬ የታችኛውን ተራ እንዳይነጥቅ የሚያደርገው ግን የውሃ አባቱ ነው።

በመጠጥ ውሃም ተመሳሳይ ልምድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1994 በፊንላንድ ድጋፍ በአማራ ክልል የተጀመረው የገጠር ውሃ አቅርቦት ፕሮግራም፣ ጥቂት ዓመታት ከሠራ በኋላ፣ ገንዘቡን በብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል በቀጥታ ለመንደሩ የውሃ ኮሚቴ መስጠት ጀመረ፤ ሲሚንቶውን የሚገዛውም ግንበኛውን የሚቀጥረውም ኮሚቴው ሆነ። ምንጭ ሲጎለብት ላየ ሰው ሥራው ቀላል ይመስላል። በመጀመሪያ የምንጩ ዓይን እስኪታይ ወደ ውስጥ ይቆፈራል፤ ጭቃው ተጠርጎ ንጹሕ ድንጋይና ጠጠር ይደረደርበታል፤ ፊቱ በግንብ ይዘጋና ላዩ በኮንክሪት ይከደናል፤ ከበላዩም ጎርፉን ወደ ጎን የሚያወጣ ቦይ ይቀደዳል። ወሳኙ ነገር ግን የትርፍ ውሃ ማስወጫው ቱቦ ነው። ቱቦው ከምንጩ ዓይን ከፍ ብሎ ከተተከለ ውሃው ታፍኖ ወደ ኋላ ይገፋል፤ ከጊዜ በኋላም ምንጩ በሌላ በኩል ፈልቆ ግንቡ ባዶውን ይቀራል። ሽማግሌዎች «ምንጩ ተቆጥቶ ሸሸ» የሚሉት ብዙውን ጊዜ ይህንኑ ነው፤ አባባሉም ከቴክኒኩ ብዙ የራቀ አይደለም።

ወደ አፈሩ ስንመጣ ከደምበጫ ብዙም ሳይርቅ የአንጀኒን ተፋሰስ እናገኛለን። ይህ 113 ሄክታር ያህል ስፋት ያለው መሬት በስዊዘርላንድ ድጋፍ ከ1976 ዓ.ም ጀምሮ የዝናቡ መጠን፣ የወንዙ ፍሰትና የሚታጠበው አፈር ሲለካበት የኖረ የምርምር ጣቢያ ነው። በ1978 ዓ.ም «ፋንያ ጁ» የሚባለው እርከን በማሳዎቹ ላይ ተሠራ። ቃሉ ስዋሂሊ ነው፤ ከቦዩ የሚቆፈረው አፈር ወደ ላይኛው ወገን ይወረወርና ክትር ይሆናል፤ ዓመት በዓመት ከክትሩ ኋላ አፈር እየተጠራቀመ ተዳፋቱ ወደ መደብ ይለወጣል። ቅየሳው ሦስት ሰው፣ ሁለት ምልክት ያለባቸው ዘንጎች፣ አሥር ሜትር ሲባጎና በሲባጎው መካከል የምትንጠለጠል ትንሽ የውሃ ልክ ይበቃዋል። ዝናብ በሚበዛበት በዚህ አገር ቦዩ ድፍን አግድም አይሆንም፤ በአሥር ሜትር አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እያለ ውሃውን ወደ መፋሰሻው ያደርሳል። የውሃ ልኳ አረፋ በጥቂቱ ብትሳት ውሃው ተኝቶ ማሳውን ያጨቀያል፤ ካልሆነም ክትሩን ጥሶ ከታች ላለው ጎረቤት ማሳ ይተርፋል።

ገበሬው በእርከን ላይ የሚያነሳው ቅሬታ ከስንፍና የመነጨ አይደለም። እርከን ከጠባብ ማሳ ላይ መሬት ይበላል፤ ርቀቱ ካጠረ በሬ ለማዞር ያስቸግራል፤ ክትሩም የአይጥ መሸሸጊያ ይሆናል። ደግሞም ገበሬው የራሱ ዘዴ አለው፤ በየዓመቱ ማሳውን ከዘራ በኋላ በማረሻ የሚያወጣው ሰያፍ «ፈሰስ» ትርፉን ውሃ ያስወጣለታል። ፈሰሱ ቁልቁል ከበዛ ግን ራሱ ቦረቦር ይወልዳል። ቅየሳውን ከፈሰሱ አቅጣጫ ጋር አስማምቶ ያወጣ ባለሙያ ሥራው ሲቆይለት፣ ወረቀቱን ብቻ ተከትሎ የቀየሰ ሰው እርከን በሁለተኛው ዓመት ታርሶ ይገኛል።

የቦረቦር ነገር ራሱን የቻለ ነው። በባሕር ዳርና በአዴት መካከል በሚገኘው በደብረ ማዊ ተፋሰስ የተካሄዱ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ በጥቁር አፈር ላይ ቦረቦርን የሚያሰፋው ከላይ የሚወርደው ጎርፍ ብቻ ሳይሆን በክረምት ከሥር ከፍ የሚለው የከርሰ ምድር ውሃም ነው፤ የረጠበው ግድግዳ የራሱን ክብደት መሸከም አቅቶት ይናዳል። ለዚህ ነው በጋቢዮን (ድንጋይ በተሞላ የሽቦ ቅርጫት) ብቻ የተገደበ ቦረቦር ብዙ ጊዜ ጋቢዮኑን በጎን ዞሮ የሚቀጥለው። በዚያው አካባቢ ርካሹ ዘዴ ተሞክሯል፦ ቀጥ ብሎ የቆመው የቦረቦሩ ራስ በዶማ ተንዶ ዘንበል ይደረጋል፣ ድንጋይ ይለብሳል፣ ከታቹ ሣርና ዛፍ ይተከልበታል፤ ከዚያም ከብት እንዳይገባበት ይከለከላል። ዶማና ድንጋይ በየቀበሌው አለ። የሚያከራክረው የከብቱ ነገር ነው፤ ቦረቦሩ ከሰፋ ወዲህ በመንደሩ የቀረው የወል ግጦሽ ብዙ ጊዜ የእሱ ዳርና ዳር ሆኗልና።