ለዕጣ ብለው የሞሉት ኩፖን ምን ያስፈቅዳል?

ደብረ ብርሃን በገበያ ቀን ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና «ይግዙ፣ ይሸለሙ!» ሲል ሰው ይሰበሰባል። ሳሙና የገዛ ሁሉ ኩፖን ይሞላል። ስም፣ ስልክ፣ የትውልድ ቀን፣ አንዳንዴም የፋይዳ ቁጥር ይጠየቃል። ከታች በደቃቅ ፊደል «መረጃዬ ለማስታወቂያ እንዲውል ተስማምቻለሁ» የሚል መስመር ይኖራል። የሚያደናግረው እሱ ነው።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እንደሚለው ፈቃድ የሚባለው በነጻነት፣ ለተለየ ዓላማና አውቀውት የሰጡት ነው። ለዕጣው ስልክዎን መስጠት አንድ ነገር ነው። ቁጥሩ ለሌላ ነጋዴ እንዲተላለፍ መፍቀድ ፈጽሞ ሌላ ነው። የሰጡትን ፈቃድ ማንሳትም ይችላሉ። ድርጅቱ ከዚያ ወዲያ በዚያ ፈቃድ መጠቀሙን ማቆም አለበት።

የሚሰበሰበውም ለዓላማው የሚያስፈልገው ብቻ መሆን አለበት። ዕጣ ለወጣለት ሰው ለመደወል ስምና ስልክ ይበቃል። የፋይዳ ቁጥር ለምን? መታወቂያ ሽልማቱ ሲሰጥ ቢታይ ይበቃል።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ከመንዝ ወይም ከጣርማ በር ለገበያ የመጡ፣ ማንበብ የማይችሉ እናቶች ነገር ነው። ኩፖኑን ሻጩ ልጅ ይሞላላቸዋል፤ እነሱ ይፈርማሉ። ያልተነበበላቸውን ነገር እንዴት ፈቀዱ ይባላል? ልጁ ጮክ ብሎ ያንብብላቸው። የማይፈልጉትንም ይሰርዝላቸው።

ከመፈረምዎ በፊት ኩፖኑን በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። መረጃዎ ያለ ፈቃድዎ ጥቅም ላይ ከዋለ አቤቱታ የሚቀርበው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። «ዕጣ ወጥቶልዎታል» ብሎ ደውሎ በአጭር መልእክት የደረሰዎትን ኮድ የሚጠይቅ ካለ ግን ወዲያው ስልኩን ይዝጉበት።